የስኳር ፋብሪካ አመድ ለኩሬ ንጣፍ፦ ሂሳቡ የሚወሰነው በጭነቱ ነው

በጎንደር ዙሪያ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች ለመስኖ ኩሬ የሚያስቆፍር ባለሀብት ቀዳሚ ሥጋቱ የውሃ መስረግ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ሳያደርሱ ቀርተዋል። ኩሬው ሲደርቅ ለነጭ ሽንኩርቱና ለድንቹ የወጣው ገንዘብም አብሮ ይቀራል።

ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ውሃው የሚሾልከው በስንጥቁ ነው። ለዚህ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ የኢንዱስትሪ ተረፈ ምርትን ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው። እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራ ገለባውን ለእንፋሎት ሲያነዱ የሚተርፈው አመድ ሲሊካ ይበዛበታል። ደቆ ከጥቂት ኖራና ከሸክላ አፈር ጋር እርጥብ እንዳለ በሚገባ ከተጠቀጠቀ እንደ ሲሚንቶ እየጠጠረ ክፍተቱን ይሞላል፤ መሰንጠቁንም ይቀንሳል።

መጠኑ ሲዛነፍ ግን ውጤቱ ይገለበጣል። ኖራ ሲበዛ የሸክላውን ቅንጣቶች ያቋጥርና ውሃ ማሳለፊያ ይከፍታል። ስለዚህ ከግዢ በፊት የራሱ የኩሬው አፈር በላቦራቶሪ መፈተሽ ይኖርበታል። ለቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ በሚጠየቀው የጥራት ደረጃ የተሠራ 30 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ፣ 2 ሜትር ውሃ ቢጫነው እንኳ በዓመት የሚያሰርገው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ የዋጋ ነው። ወለሉና ግድግዳው በድምሩ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ኩሬ በ30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጠፍ 45 ቶን ያህል አፈር ይፈልጋል። ከመቶ 10 አመድ ቢገባበት 45 ኩንታል፣ ማለትም የአንድ አይሱዙ ጭነት ያህል መሆኑ ነው። ለዚያው ኩሬ የሚበቃው ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ንጣፍ ክብደቱ ከግማሽ ኩንታል አይበልጥም። ወንጂና መተሐራ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወዲያ ናቸው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

በመሆኑም አመዱ በነፃ ቢገኝ እንኳ ዋጋውን የሚወስነው ኪራዩ ነው። ሰሊጥ ለመጫን ባዶውን ወደ መተማ የሚወጣ መኪና ከተገኘ ሂሳቡ ሊያስኬድ ይችላል። መኪናው ለዚሁ ብቻ የሚከራይ ከሆነ ግን ፕላስቲኩን ወይም በሚገባ የተጠቀጠቀውን የአካባቢውን ሸክላ አፈር መምረጡ ያዋጣል።