ከአዳራሹ ሳይወጡ ተመልካችነትን መተው፦ የቼኮዝሎቫኪያ ልምድ

ፖለቲካን ከተውኔት ጋር ማነጻጸር የተለመደ ነው። መሪዎች እንደ ተዋንያን፣ ንግግራቸው እንደ ቃለ ተውኔት፣ ሰልፉና ጭብጨባው ደግሞ እንደ መድረክ ዝግጅት ይታያሉ። በዚህ ንጽጽር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ተመልካቹ ነው። ይህ ጽሑፍ የኮሚኒስት ዘመን ቼኮዝሎቫኪያን ልምድ መነሻ አድርጎ (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጥያቄ ይመረምራል፤ ዜጋ በማያምንበት ፖለቲካዊ ተውኔት ፊት ተቀምጦ መቆየቱ ወይም ጥሎ መሄዱ ምን ልዩነት ያመጣል?

ጸሐፌ ተውኔቱ ቫክላቭ ሃቬል በ1978 በጻፈው «የኃይል አልባዎች ኃይል» በተሰኘው ድርሳኑ አንድ አትክልት ሻጭን በምሳሌነት ያቀርባል። ሰውየው ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከለትን፣ የላብ አደሮችን አንድነት የሚሰብክ መፈክር በመደብሩ መስኮት ላይ ይሰቅላል። በመፈክሩ ማመኑን አንድም ሰው አይጠይቀውም፤ አላፊ አግዳሚውም ልብ ብሎ አያነበውም። የሚሰቅለው ሌሎችም ስለሚሰቅሉና ጣጣ ውስጥ መግባት ስለማይፈልግ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና። ይሁን እንጂ በየመስኮቱ የተደረደረው መፈክር ለሌላው መንገደኛ የመድረክ ገጽታ ይሆናል። እያንዳንዱ ተመልካች ለጎረቤቱ ተዋናይ ነው ማለት ነው። በይፋዊ መግለጫ ከ99 በመቶ በላይ መራጭ ድምፅ ሰጠባቸው የተባሉት ምርጫዎችም የቆሙት በዚሁ ዓይነት ታዛዥነት ላይ ነበር።

ታዲያ መፍትሔው አዳራሹን ጥሎ መውጣት ነውን? ከ1968ቱ የዋርሶ ቃል ኪዳን ጦር ወረራ በኋላ ብዙዎች ይህንኑ መርጠው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ወጥተው በገጠር ጎጆዎቻቸው አትክልት ይኮተኩቱ፣ ቤት ያድሱ ነበር። መንግሥት ይህን ሽሽት አልተቃወመም፤ እንዲያውም ተመችቶታል። ሰኞ ተመልሶ መፈክሩን የሚሰቅል ሰው ቅዳሜን የትም ቢያሳልፍ ተውኔቱን አያውክም።

ሦስተኛው መንገድ በ1989 ታየ። ኖቬምበር 17 ቀን ፖሊስ ፕራግ ውስጥ የተማሪዎችን ሰልፍ በደበደበ ማግስት፣ የከተማዋ ተዋንያን ከተማሪዎች ጋር ተሰብስበው የሥራ ማቆም አድማ አወጁ። ሆኖም የቴአትር ቤቶቹ በር አልተዘጋም። ተውኔት ሊያይ ለመጣው ሕዝብ የአድማው መግለጫ ይነበብለትና ውይይት ይከፈት ነበር። ተቃዋሚዎችን ያሰባሰበው «የዜጎች መድረክ» ኖቬምበር 19 የተመሠረተውም በአንድ ቴአትር ቤት ውስጥ ነው። ኖቬምበር 27 የሁለት ሰዓት አገር አቀፍ አድማ ተደረገ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ የኮሚኒስት ፓርቲውን የመሪነት ሥልጣን ከሕገ መንግሥቱ ሰረዘ። ዲሴምበር 29 ሃቬል ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ይህን ሁሉ የተመልካቹ ውሳኔ ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ይሆናል። ሞስኮ እንደ 1968ቱ ጦር አለማዝመቷና የጎረቤት አገሮች ለውጥ ወሳኝ ነበሩ። አስቀድመው እምቢ ያሉትም ዋጋ ከፍለዋል፤ ሃቬል ራሱ ከ1979 እስከ 1983 ታስሯል። አትክልት ሻጩም መፈክሩን ቢያወርድ ሥራውንና የልጆቹን የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ድርሳኑ አይደብቅም። ስለዚህ የፈራውን ሰው በቀላሉ መውቀስ አይገባም።

ልምዱ የሚያስረዳው ምርጫው በመቀመጥና በመውጣት መካከል ብቻ አለመሆኑን ነው። ወደ ጎጆው የሄደው ዜጋ ወንበሩን ባዶ ቢያደርግም መድረኩን ለያዙት ሰዎች ይተውላቸዋል። የፕራግ ታዳሚዎች ግን በአዳራሹ ቆዩ፤ ተመልካችነታቸው ያበቃውም አጠገባቸው ከተቀመጠው ሰው ጋር በግልጽ መነጋገር በጀመሩ ጊዜ ነው።