ኢላማ ጎታቹ 771ኛ ስኳድሮን

771ኛው የባሕር ኃይል አየር ስኳድሮን የብሪታንያ ባሕር ኃይል የሥልጠናና የድጋፍ ክፍል ነበር። በሜይ 1939 እ.ኤ.አ. በደቡብ እንግሊዝ ሊ ኦን ሶለንት ሲቋቋም የተሰጡት አውሮፕላኖች ሶርድፊሽ የሚባሉ፣ ድርብ ክንፍ ያላቸውና ሸራ የለበሱ ነበሩ። ሥራው ጀብዱ የሚያስወራ አልነበረም። አውሮፕላኑ በረጅም ሽቦ ጫፍ እንደ እጅጌ የተሰፋ ጨርቅ እየጎተተ ያልፋል፤ የመርከብ ተኳሾች ጨርቁን መምታት ይለማመዳሉ። ለማጅ ተኳሽ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ለሚያውቅ አብራሪ ሽቦው መቼም ቢሆን ረጅም አይመስለውም።

ስኳድሮኑን ታሪክ ውስጥ ያስገባው ግን አንድ ቀን ነው። በሜይ 1941 ቢስማርክ የተባለው የጀርመን ግዙፍ የጦር መርከብ በኖርዌይ፣ በርገን አጠገብ ታይቶ ነበር። በማግስቱ ጭጋግና ዝናብ አካባቢውን ስለሸፈነ መርከቡ እዚያው መኖሩን ማረጋገጥ አልተቻለም። ሜይ 22 ቀን በኦርክኒ ደሴቶች ሃትስተን ሰፍሮ የነበረው 771ኛ ስኳድሮን ሜሪላንድ የተባለ አሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላን ላከ። አብራሪው ኖኤል ጎዳርድ፣ ታዛቢው ደግሞ ኮማንደር ጄፍሪ ሮዘራም ነበሩ። ከደመናው ሥር የባሕሩን ገጽ ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው ሲደርሱ መርከቡ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። ይህም አልበቃቸውም፤ የፀረ አውሮፕላን ተኩስ እየወረደባቸው የበርገንን ወደብ አሰሱ። ወሬውን በራዲዮ ሲያስተላልፉ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። የራዲዮ ሠራተኛው በመጨረሻ ወደ ተኩስ ልምምዱ ሞገድ ዞረና መልእክቱ ደረሰ። የብሪታንያ መርከቦች በዚያው ሌሊት ስካፓ ፍሎው ከተባለው የኦርክኒ የጦር መርከብ ሰፈራቸው ተነሡ፤ ቢስማርክም ሜይ 27 ቀን ሰጠመ።

በ1945 ስኳድሮኑ ሆቨርፍላይ የተባሉ ሄሊኮፕተሮችን ተረከበ፤ ሄሊኮፕተር በባሕር ኃይሉ ገና እንግዳ ነገር ነበር። በ1955 ተበትኖ በ1961 እንደገና ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1974 በኮርንዎል ወደሚገኘው የከልድሮዝ ጣቢያ ተዛወረ። እዚያ ዋና መታወቂያው የነፍስ አድን ሥራ ሆነ። በ2004 ቦስካስል የተባለችውን መንደር ድንገተኛ ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት፣ ቀይና ግራጫ ቀለም የተቀቡት ሲ ኪንግ ሄሊኮፕተሮቹ ከሌሎች ጣቢያዎች ከመጡት ጋር ሆነው ከቤት ጣራ ላይ ሳይቀር ሰው በገመድ አነሡ፤ የሞተ ሰው አልነበረም። በጃንዋሪ 2007 ደግሞ በማዕበል የተጎዳውን ናፖሊ የተባለ የጭነት መርከብ ትተው በጀልባ የወጡትን 26 መርከበኞች አንድም ሳይቀር አወጡ።

ስኳድሮኑ በማርች 2016 ሲበተን የነፍስ አድኑን ሥራ የሲቪል ሄሊኮፕተሮች ተረክበውታል።