ከድልድዩ በታች የሚወርደው ውሃ
የጤናና የአካባቢ ምርምር ለገበሬው ምን ያስገኛል?

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ወደ መርካቶ የሚያወርደው መንገድ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የተሰየመ ነው። የአትክልት ተራ የጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ ቆይቶም ወደ ሃይሌ ጋርመንት እስከ ተዛወረበት ጊዜ ድረስ፣ ከገጠር የመጣው ጎመን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚራገፈው በዚሁ አቅራቢያ ነበር። የገበሬው ምርት በድልድዩ አካባቢ ወደ ከተማው ሲገባ፣ ከድልድዩ በታች ያለው ውሃ ደግሞ የከተማውን ጉድፍ ተሸክሞ ወደ ገበሬው ይወርዳል።

ከእንጦጦ ተራሮች የሚነሡት የአዲስ አበባ ጅረቶች ከተማውን አቋርጠው ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ይገናኙና ወደ አዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽም ወደ ቆቃ፣ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ይዘልቃል። በመሆኑም በመርካቶ ዙሪያ ወደ ጅረት የተጣለው ቆሻሻ የከተማው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከወንዙ ዳር አትክልት በመስኖ የሚያለማው፣ ከብቱን የሚያጠጣውና ልጆቹን የሚያጥበው ገበሬ ጉዳይም ነው።

አደጋው ሁለት ዓይነት ነው

የመጀመሪያው ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የሚመጣው ተሕዋስና የወስፋት እንቁላል ነው። ይህ በጥንቃቄ ሊቀነስ ይችላል። ውሃውን በኩሬ አቆይቶ ማጥለል፣ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ማጠጣት፣ ምርቱ ከመነሣቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የዚህን ውሃ መስኖ ማቆም፣ በጥሬው የሚበላውን ሰላጣ ትቶ ተቀቅሎ የሚበላውን መትከል፣ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ እነዚህ ሁሉ ይረዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ በጥሬው ለሚበላ አትክልት የሚውል ፍሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ በላይ የትል እንቁላል እንዳይኖረው መክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከማሳ እስከ ማዕድ ቤት በየደረጃው የሚደረገውን ጥንቃቄ ደምሮ የሚመለከት ነው።

ሁለተኛው ከፋብሪካና ከጋራዥ የሚወጣው ከባድ ብረት ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ክሮሚየም፣ እንዲሁም እርሳስና ካድሚየም የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህ በአፈር ውስጥ ይከማቻሉ፤ በሥር በኩል ወደ ቅጠል ይገባሉ፤ መታጠብም ሆነ መቀቀል አያስወግዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣ ጥናት በአዲስ አበባ በቄራና በፒኮክ እርሻዎች በበቀሉ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ብረቶች ከተፈቀደው መጠን በላይ መገኘታቸውን አመልክቷል። ይህን ገበሬው በማሳው ላይ በሚወስደው ጥንቃቄ ሊያስቀረው አይችልም። መፍትሔው ፍሳሹ ከሚወጣበት በር ላይ መቆጣጠር ነው፤ ይህም የፖሊሲና የሕግ ሥራ ነው።

የዶክትሬቱ ፋይዳ

ጤናን፣ አካባቢንና ፖሊሲን አንድ ላይ የሚያጠና የዶክትሬት ተማሪ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪሙ የሕፃኑን ተቅማጥ ያያል፤ የአፈር ባለሙያው አፈሩን ይመረምራል፤ ሕግ አውጪው ወረቀቱን ያዘጋጃል። ሦስቱ ካልተገናኙ ውሳኔው ይዛባል። ጤናን ብቻ ያየ ባለሥልጣን «በዚህ ውሃ መስኖ ይቁም» ቢል የብዙ ቤተሰብ ጉሮሮ ይዘጋል። ገቢን ብቻ ያየም ዝም ቢል በላተኛው ይመረዛል። የውሃውን ይዘት፣ የቤተሰቡን ሕመምና የገበሬውን ገቢ ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ርምጃ እንደሚሻል ማሳየት የዓመታት ጥናት ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ዛሬ ይህን መሰል ምርምር በአገር ውስጥ ማካሄድ ይቻላል።

የእንዶድ ትምህርት

በዚህ ረገድ አገራችን ምሳሌ አላት። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የግኝቱ መነሻ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት እንዶድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወርዷል።

ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ውጤት ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ የመርዛማነት ምርመራ እንዲደረግለት ጠየቀ፤ ለምርመራው የሚሆነውን ገንዘብና ቤተ ሙከራ ማግኘት ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከታሪኩ የምንማረው፣ እውነትን ማግኘት ግማሽ መንገድ መሆኑንና እውነቱን ወደ ውሳኔ የሚያደርሰው መንገድ ከጥናቱ መጀመሪያ አንሥቶ መታሰብ እንዳለበት ነው።

የመሪዎች ድርሻ

ሕጉ በኩል መነሻ አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ጸድቋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ጉዳቱ በእርሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በበካዩ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። ሆኖም አቤቱታ ያለ ማስረጃ አይጸናም፤ ማስረጃውንም የሚያመጣው ምርምር ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ወደ ቀበሌያቸው የሚመጣውን ተመራማሪ እንደ እንግዳ ተቀብለው መሸኘት ብቻ አይበቃቸውም። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤና የሥነ ምግባር ፈቃዱን ይጠይቁ። ገበሬው ፈቅዶ እንጂ ተገድዶ እንዳይመልስ፣ ስሙም እንዳይገለጽ ያረጋግጡ። ውሃው መቼ እንደሚቀላ፣ መቼ እንደሚሸት፣ የትኛው ማሳ እንደሚደርቅ የሚያውቁ ሽማግሌዎችንና ሴቶችን ያገናኙት። የገበሬው ገቢ በጥናቱ እንዲካተት ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ፣ ውጤቱ በሚገባቸው ቋንቋ ተጽፎ፣ በሸንጎ ፊት ተነብቦ፣ ግልባጩ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ አስቀድመው ይስማሙ።

በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጥናት ማሳውን አያጸዳም። በማኅበሩ እጅ የገባ ጥናት ግን ለወረዳውም፣ ለፋብሪካውም፣ ለፍርድ ቤቱም የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች የሚወርደው ውሃ ንጹሕ ሆኖ ወደ ገበሬው እንዲደርስ የሚደረገው ጥረት ከዚህ ይጀምራል።