ሙጫው የተገፈፈለት ሐር

ልም አጥንት በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶችን ጫፍ የሚያለብስ አካል ሲሆን፣ የደም ሥርም ሆነ ነርቭ ስለሌለው ከተጎዳ በኋላ ራሱን የመጠገን አቅሙ እጅግ ደካማ ነው፤ ይህንንም ስኮትላንዳዊው የአናቶሚ ሊቅ ዊልያም ሀንተር በ1743 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስፍሮታል። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ኮንድሮሳይት የተባሉትን የልም አጥንት ሕዋሳት ከሰውነት ውጭ የሚያሳድጉበት መደገፊያ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ከተሞከሩትም መካከል፣ በተለይ በአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ በዴቪድ ካፕላን ቤተ ሙከራ በስፋት የተጠናው ሐር፣ ከሚሰጠው ግምት በላይ የሚገባው ነው።

ሐር ሰውነትን ያስቆጣል የሚለው አስተሳሰብ ከጥሬው ሐር የመጣ ነው። የሐር ትል የሚፈትለው ክር ሁለት ፕሮቲኖች አሉት፦ ጥንካሬ የሚሰጠው ፋይብሮይንና ክሮቹን የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ሰሪሲን። በድሮው የቀዶ ሕክምና የሐር ክር የታየው የአለርጂ ምላሽ በአብዛኛው የተያያዘው ሰሪሲኑ ካልተወገደለት ክር ጋር ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱን በሐር ሁሉ ላይ መለጠፍ ተገቢ አይደለም። ሙጫው የሚወገደው ትሉ ራሱን የሸፈነበትን ጎጆ ቆራርጦ በቀጭን የሶዲየም ካርቦኔት ብጥብጥ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል በመቀቀል ነው፤ ደርቆ ይንኮሻኮሽ የነበረው ቁራጭም ታጥቦ ሲወጣ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ነጭ ጭረት ይሆናል። ቅቅሉን ያለ ልክ ማራዘም ግን የፋይብሮይኑን ሰንሰለት ስለሚበጣጥስ መደገፊያውን ያደክማል፤ ሰዓት የማይቆጥር ባለሙያ ኋላ ሐሩን ሊወቅስ አይገባውም። የነጻው ጭረት በሊቲየም ብሮማይድ ሟሙቶ፣ ጨው በማጣሪያ ከተወገደለት በኋላ፣ ሕዋሳት የሚሰፍሩበት ባለ ቀዳዳ ስፖንጅ ይሠራበታል።

ሕዋሳቱ በስፖንጁ ላይ ከሰፈሩ በኋላ እነሱን ለማነቃቃት አልትራሳውንድ ይመጣል። እዚህ የሚፈለገው ምስል ማንሳትም ሆነ ማሞቅ ሳይሆን፣ ዝቅተኛ ኃይል ያለውን ሞገድ እያቋረጡ በመልቀቅ ሕዋሱን በጥቂቱ መግፋት ነው፤ የተለመደው መጠን 1.5 ሜጋኸርዝና በካሬ ሴንቲሜትር 30 ሚሊዋት ሲሆን በቀን 20 ደቂቃ ይሰጣል። ሕዋሱ ግፊቱን ኢንተግሪን በሚባሉ የገጽ ፕሮቲኖቹ አማካይነት ሲቀበል፣ የልም አጥንትን አካል የሚገነቡትን ዓይነት ሁለት ኮላጅንና አግሪካን የበለጠ ሊያመርት እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሆኖም ሞገዱን ሕዋሳቱ በፈሳሽ ውስጥ ካሉበት ሳህን ሥር የሚለቁ ብዙዎች፣ ከፈሳሹ ላይኛ ገጽ ተንጸባርቆ ሲመለስ ጎን ለጎን ያሉ ሕዋሳት የተለያየ መጠን እንደሚደርሳቸው ይዘነጋሉ፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሕዋሱ ዘንድ የደረሰው ስላልሆነ፣ መጠኑ በሃይድሮፎን፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የድምፅ ግፊትን በሚለካ መሣሪያ፣ ሊረጋገጥ ይገባል።