በ31 ሁለቶች የተሠራው ብቸኛ ቁጥር

31 ሁለቶችን አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ 2147483647 እናገኛለን። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሙሉ ቁጥር የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው። ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1603 ተናግሮ ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በ31 ፋንታ 23፣ 29 እና 37 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚመጡትንም ብቸኛ ናቸው ብሎ ነበር፤ ሦስቱም አካፋይ ተገኘላቸው።

የ31ዱን ያረጋገጠው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ በ1772፣ በሴንት ፒተርስበርግ፣ የዓይኑ ብርሃን ጨርሶ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው። እኔን የሚገርመኝ ድካሙን የቀነሰበት መንገድ ነው። አንድ ቁጥር የሚካፈል ከሆነ፣ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ አካፋይ አያጣም። የዚህ ቁጥር ስኩዌር ሩት ከ46340 እምብዛም አያልፍም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ወደ 4800 የሚጠጉ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ኦይለር ሁሉንም አልሞከረም። አካፋይ የሚሆን ብቸኛ ቁጥር ቢኖር፣ 1 ሲቀነስለት ለ31 መካፈል አለበት፤ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነም ለ62። በዚህ ላይ ሌላ ሕግ ሲጨመር፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 ከሚተርፋቸው በቀር ሌሎቹን መንካት አያስፈልግም። እጩዎቹ ከ400 በታች ወረዱ። ከእነዚህ ውስጥ ትንሹ ብቸኛ ቁጥር 311 ነው። ስናካፍል 6905092 ይደርሳል፤ 35 ይተርፋል። 311 ወደቀ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እንዲሁ ወደቁ።

ከ2147483647 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። ከእሱ የሚገኘው 2305843008139952128 ደግሞ ፍጹም ቁጥር ነው፤ ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ይሰጣሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811፣ ነገሩ ጥቅም ስለሌለው ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ማንም አይፈልግም ሲል ጻፈ። በ1876 ኤዱዋር ሉካስ የ127 ሁለቶቹን አረጋገጠ፤ ከዚያም እጅግ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ተገኘ።

ጥቅሙም ቢሆን መጣ። ኮምፒውተር በ32 ቢት ሲጽፍ አንዱን ለምልክት ከያዘው፣ በቀሩት 31 የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። ጊዜን ከእ.ኤ.አ. 1970 መባቻ ጀምረው በሴኮንድ የሚቆጥሩ የቆዩ ሥርዓቶች እዚህ ጣሪያ ላይ የሚደርሱት በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ነው። እስከዚያ ካልታደሱ በቀጣዩ ሴኮንድ ራሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1901 ያገኙታል።

በዚህ ጉዳይ ብቸኛነቱ ሚና የለውም። በዘፈቀደ የሚመስሉ ቁጥሮችን በሚያመነጩ ፕሮግራሞች ግን አለው። አንዱ የታወቀ ዘዴ የያዘውን ቁጥር በ16807 ያባዛል፣ ለ2147483647 ያካፍላል፣ ቀሪውን ይወስዳል፤ በቀሪው ላይ እንደገና ይህንኑ ያደርጋል። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና 16807ም በጥንቃቄ ስለተመረጠ፣ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሳይወጡ አንዳቸውም አይደገሙም። መነሻው 0 ከሆነ ግን ውጤቱ ሁልጊዜ 0 ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራመሩ መነሻውን ከ1 ጀምሮ ይመርጣል።