አምስት ጥማድ መሬት፣ ስምንት የልጅ ልጅ

እናቴ ቀን ስትቆጥር ተሳስታ አታውቅም። ሰሞኑን የደወለችልኝም ቀን ስትቆጥር አድራ ነው። «እህትህ የወለደቻት ሰማንያ ቀኗን፣ ወንድምህ የወለደው አርባ ቀኑን የሚሞሉት በአንድ እሑድ ነው። አንድ ክርስትና፣ አንድ ጠላ፣ አንድ ድግስ! እግዜር ሲያቃልል አየህ? እንግዲህ ቀርተህ እንዳልሰማ» አለችኝ።

እንደምታውቁት በእኛ ሥርዓት ወንድ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት በተወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። የእህቴ ልጅ ከወንድሜ ልጅ ልክ 40 ቀን ቀድማ ስለተወለደች ሁለቱ አንድ ቀን ላይ ገጠሙ። ለወላጆቼ ሰባተኛዋና ስምንተኛው የልጅ ልጆች መሆናቸው ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ያለፉት ጥቂት ዓመታት ግን መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ስልኩም ሲመጣና ሲጠፋ ስለከረመ፣ ቤተሰብ ጥየቃ ለእኛ ተራ ነገር መሆኑ ቀርቷል። እህቴም «የመጀመሪያ ልጄን እናቴ ቤት ነው የምታረሰው» ብላ፣ ሆዷ ሳይከብዳት ቀደም ብላ ነው የወጣችው። እኔም መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ማግስት የዓባይን በረሃ ወርጄ፣ ወጥቼ፣ ደብረ ማርቆስ አደርኩ። በነጋታው ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ የሚወስደውን መኪና ይዤ ሮብ ገበያ ገባሁ።

ደግሞ ቀኑ ራሱ ሮብ!

ሮብ ገበያ ስሟ እንደሚናገረው የሮብ ናት። በጎጃም የገበያው ቀን ስሙ ሆኖ የቀረ ከተማ ብዙ ነው። በሌላው ቀን ጭር የምትል የስናን ወረዳ ከተማ ነች። ሮብ ሲሆን ግን ከየቀበሌው ድንቹ በኬሻ፣ ገብሱ በአህያ፣ በጉ በገመድ ይጎርፍላታል። እናቴን ያገኘኋት እዚያው ቅቤ ተራ ነው። ነጭ ሽንኩርቷን ሸጣ፣ የቅቤ ቅል እያሸተተች ትከራከራለች። ስታየኝ ሳመችኝና «ና እስቲ አንተ አሽትት፣ በሳል አይደል?» አለች። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ሮብም ቢሆን አይጾምም፤ ሁለት አራስ ያለበት ቤት ደግሞ ቅቤ እንደ ውኃ ነው የሚጠጣው።

ቤት ስንደርስ ሁለቱ ሕፃናት አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ወንዱ ጥቅልል ያለ፣ ሴቷ ዓይኗ ቁልጭልጭ የሚል። እህቴ ሳቅ እያለች የእልልታውን ነገር አጫወተችኝ። በእኛ አገር ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት እልልታ ነው። እናቴ ግን ለልጅቷ ሰባት አለች። አንዷ ጎረቤት «ኧረ እትዬ፣ ሴት ናት'ኮ!» ስትላት «አውቃለሁ፤ ወንድ ብትሆን ዐሥራ አራት እል ነበር» ብላ መለሰች። ጎረቤቶቹ ይኸው እስከ ዛሬ ይስቃሉ።

እናቴ ሰባት ወልዳ አምስት ነው ያሳደገች። ሁላችንንም የወለደችን እቤት፣ «ማርያም፣ ማርያም» በሚሉ ጎረቤቶች መሀል ነው። የወንድሜ ሚስት ግን ቀኗ ሲቀርብ ጤና ጣቢያው ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ ሰንብታ፣ ምጡ ሲመጣ እዚያው ተገላገለች። እህቴ ደብረ ማርቆስ ወርዳ ነው የወለደች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ከተመደቡ ወዲህ፣ ማለትም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ በእኛ ሠፈር ይህ እየተለመደ መጥቷል። እናቴ የሞቱባትን ሁለቱን አታነሳም። ግን ከስምንቱ የልጅ ልጆች አንድም አልሞተም። ይህን ስትናገር እንጨት አትነካም፤ ታማትባለች።

እንግዲህ የደስታው ነገር ይህ ነው። ሐሙስ ማታ ግን ሌላ ነገር ተነሳ።

አባቴ ያለው መሬት አምስት ጥማድ ነው። ለከተሜው ላስረዳና፣ አንድ ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን ሩብ ሄክታር ያህል ይገመታል። አምስቱ ከአንድ ሄክታር ትንሽ ይበልጣል፤ እሱም ሦስት ቦታ የተበታተነ። አያቴ በርስት ዘመን ያረሰው ከዚህ ይበልጥ ነበር። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ዘር ተቆጥሮ ይጠየቅ ስለነበር ሰው ዕድሜውን በሙግት ይጨርስ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር መጣ ሲባል የጎጃም ገበሬ ያመፀው አንድም ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ነው። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ መሬቱ እንደገና ተለክቶ ተደለደለ። አባቴ እነዚህን አምስት ጥማዶች የያዘው በዚያ ድልድል ነው።

ከዚያ ወዲህ ድልድል የለም። ልብ በሉ፤ በ1989 የተወለደ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። ትንሹ ወንድሜ ከድልድሉ በኋላ ነው የተወለደ። በስሙ አንዲት ስንዝር የለችም። የሚያርሰው የአባቱን ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ የተለጠፈው ፎቶ የአባቴና የእናቴ ነው፤ ባልና ሚስት በጋራ። ይህ የደብተር ነገር በአማራ ክልል ሲጀመር ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዷ እዚሁ ጎረቤታችን ጎዛምን ወረዳ ያለችው አዲስና ጉሊት ነበረች። እናቴ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

አምስት ጥማድ ለአምስት ልጅ አንዳንድ ይደርሳል። ለስምንት የልጅ ልጅስ? ሕጉም ማሳ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይቆራረጥ ይከለክላል። ቢፈቅድስ ምን ይሆናል? በሬው ሳይዞር ያልቃል'ኮ።

ወንድሜ ሐሙስ ማታ ያነሳው ይህንኑ ነው። «አሁን አባት ሆኛለሁ። ቁልቁል ያለውን ሁለቱን ጥማድ የገብስ ማሳ ባሕር ዛፍ ልትከልበት። ገብሱ እንደሆነ እንቢ ብሏል። ማዳበሪያ በዕዳ ገዝቼ በትኜ፣ ያገኘሁት ገለባ ነው» አለ።

ውሸት አይደለም። የጎጃም ደጋ አፈር ለዘመናት በዝናብ ሲታጠብና ሳያርፍ ሲታረስ ኖሮ አሲዳማ ሆኗል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ማዳበሪያ ቢበተን ሰብሉ ፎስፈረሱን አያገኘውም፤ አፈሩ ራሱ አስሮ ያስቀረዋል። ገብስ ደግሞ ሥሩ ለአሲድ ስስ ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ግን ኖራው ለአንድ ሄክታር የሚፈለገው በኩንታል ሳይሆን በቶን ነው። ጮቄ ሥር ድረስ ያንን ማን ተሸክሞ ያመጣዋል? ባሕር ዛፍ ግን ይህ ሁሉ ግድ የለውም። ተክለኸው ትረሳዋለህ፤ በጥቂት ዓመት አጣና ሆኖ ገንዘብ ይሆናል። ብትቆርጠውም መልሶ ያቆጠቁጣል።

አባቴ ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ «ከማሳው ግርጌ ምንጭ አለች። ባሕር ዛፍ ከተከልክባት ልጅህ ውኃ ከየት ይጠጣል?» አለ። ቀጠለና የአዊን ነገር አነሳ። ፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳውን በአካሺያ ሞልቶ፣ ከሰል እያከሰለ ቤት ሲሠራ፣ ልጅ ሲያስተምር ዓይተን ቀንተን ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን በሽታ ገባበት። «ሁሉን በአንድ ነገር ላይ የጣለ፣ አንድ ቀን ሁሉን ያጣል» አለ።

«ታዲያ ገለባ ልብላ?» አለ ወንድሜ። ድምፁ ከፍ አለ። ሕፃኑ ነቃና ማልቀስ ጀመረ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ ሁለቱንም ልክ ነበር ያልኳቸው፤ በልቤ። የደመወዝ ሰው ነኝ፣ በሰው ማሳ ምን አገባኝ? ነገሩን ያበረደችው እናቴ ናት። ሕፃኑን አንስታ እያባበለች «ጓሮዬን አይታችኋል?» አለች።

የእናቴ ጓሮ ከቤቱ ኋላ ያለች፣ አሥር እርምጃ የማትሞላ ቦታ ናት። ጎመኑ ጉልበት ይደርሳል፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሮብ ሮብ ትሸጠዋለች። «ይኼም'ኮ ያው አፈር ነበር። አርባ ዓመት የምድጃ አመዴን፣ የበጎቹን ፍግ የምደፋው እዚህ ነው። ማሳው ምን ተደፍቶለት ያውቃል? ኩበቱን እኛ እናነደዋለን፣ ገለባውን ከብቱ ይበላዋል። ወስደን ወስደን አንድ ቀን እንኳ አልመለስንለትም» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ነገሩን ሳስበው ባለሙያዎች የሚሉትም ይህንኑ ነው። አመድ እንደ ኖራ ባይሆንም አሲድን ያበርዳል። ፍግ አፈርን ያድሳል። ፍጉ ማሳ የማይደርሰው ደግሞ ማገዶ ስለሌለ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ ነው። ማገዶ ካለ ፍጉ ወደ ማሳው ይመለሳል ማለት ነው። ማገዶ ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው!

እስከ እኩለ ሌሊት የተወራው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ዛፉ ገብሱ ላይ ሳይሆን፣ ጎርፍ ሸርሽሮት ለምንም ያልሆነው ቦረቦር ዳር፣ ከምንጩ ርቆ ይተከል። ግማሹ ለገንዘብ፣ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለምድጃ ይሁን። ኩበት መጠፍጠፍ ይቀነስና ፍጉ ለገብሱ ማሳ ይዋል። ከሁለቱ ጥማድ አንዱ ዘንድሮ ለድንች ዘር ይሁን፤ ድንች የአፈሩን አሲድ ከገብስ የተሻለ ይችላል። ወንድሜ ፊቱ ፈታ ያለው የድንቹ ነገር ሲነሣ ነው።

የድንቹ ነገር የእሱ ሥራ ነው። ከቤቱ ጎን በእንጨት የሠራውን የዘር መደርደሪያ አርብ ጠዋት አሳየኝ። ክዳን አለው፣ ግድግዳው ግን ክፍት ነው። ብርሃን እንጂ ፀሐይ አይገባበትም፤ ድንቹ በየቆጡ ስስ ሆኖ ይሰጣል። ብርሃኑ ቆዳውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ለመብል አይሆንም፣ ይመራል፣ ይጎዳልም። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ግን ረጅም፣ ነጭ፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። እዚህ ያለው ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ነው፤ ሲተከል ቶሎ ይነሳል። ዘሩ ጉደኔና በለጠ የሚባሉት፣ ከሆለታ ምርምር የወጡት ናቸው። «የመብል ድንች የሚሸጥ ሞልቷል። እኔ የምሸጠው ዘር ነው። ዘር ሁለት እጥፍ ክብር አለው» አለኝ። ክብር ያለው ዋጋውን ነው።

የአባቴ ሥራ ደግሞ አፕል ነው። አፕል ወደ አገራችን በጨንቻ በኩል ገብቶ፣ ብርድ ወዳለበት ደጋ ሁሉ የተዛመተ ተክል ነው። ብርድ ካልመታው አያብብም። ጮቄ ሥር ደግሞ ብርድ በነፃ ነው! አባቴ የልጅ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ይተክላል። እስካሁን ስድስት አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ማፍራት ጀምረዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘሁትና ዶማውን ተቀበልኩት። ሁለት ጉድጓድ፣ ጎን ለጎን። «ለምን አታራርቃቸውም? የወንዱን ወደ ወንድሜ ቤት፣ የሴቷን ወደዚህ» አልኩት። እኔ የከተማ ሰው፣ ከአሁኑ ማከፋፈሌ ነው።

«አፕል ብቻውን አያፈራም» አለኝ። «አበባው ብቻ ነው የሚያምር። ዓይነቱ የተለየ ሌላ አፕል አጠገቡ ያስፈልገዋል። ንቧ ከዚያኛው ወደዚህ ስታመላልስ ነው ፍሬ የሚይዝ። እነዚህ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አብረው ይቁሙ።»

እሑድ ሁለቱ ሕፃናት ክርስትና ተነሡ። ሕፃኑ ውኃው ሲነካው ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናወጠው፤ ልጅቷ ዓይኗን ቁልጭልጭ አድርጋ ቄሱን ታያቸዋለች። ከድግሱ በኋላ፣ ጠላው ገና ሳያልቅ፣ አባቴ ሁላችንንም ወደ ጉድጓዶቹ ጠራን። የእናቴ አመድ በቁና ቀርቦ ነበር። ከፍጉና ከአፈሩ ጋር ደባለቁት፤ ችግኞቹ የሚገቡት ዝናቡ ሲጠና ነው።

እህቴ ልጇን አቅፋ ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖር፤ አፈር ያለው ቦታ ሁለት የአበባ ጣሳዋ ብቻ ነው። «አባዬ፣ እኔ መሬት አልጠይቅም» አለች፤ «ግን የልጄን ዛፍ ማንም እንዳይቆርጠው።»

አባቴ ወደ ወንድሜ አየ። ወንድሜ ልጁን ወደ ሌላው ክንዱ አዛውሮ «ምን ይቆረጣል» አለ። «እሱ ከሌለ የእኔም አያፈራ።»

እናቴ እልል አለች። ስንት ጊዜ እንዳለች አልቆጠርኩም።