ስለ አንጓ ቍርጥማትና ስለ ዕፀዋት መድኃኒት

«ቍርጥማት ያዘኝ» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠራው ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ከመካከሉ ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ብለው የሚጠሩት፤ ከብርድም ከእርጅናም የሚመጣ ሳይሆን፤ ሰውነትን ከበሽታ እንዲጠብቅ የተሠራው የውስጥ ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ጌታውን ቤት በመውጋቱ የሚነሣ ነው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ ይይዛል። ምልክቱም ጧት ከመኝታ ሲነሡ የሁለቱም እጆች አንጓዎች አብጠውና ደርቀው፤ ብዙ ጊዜም እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ፤ እንጀራ ለመቍረስ እንኳ እንቢ ማለታቸው ነው።

እንዲህ ያለ ሕመም በቤት በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው እርድና ዝንጅብል፤ ጥቍር አዝሙድም ነው። ከውጭ አገር የሚመለስ ዘመድም በብልቃጥ የታሸገ የእርድ እንክብል ይዞ ይመጣል። እኛ የአባቶችን ዕውቀት የምንንቅ አይደለንም። የምንፈራው ግን እንክብሉ ወደ ቤት ሲገባ የሐኪሙ መድኃኒት፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጠው ሜቶትሬክሴት፤ ከቤት እንዳይወጣ ነው። በሽታው ሥቃዩ ቀለል ባለበትም ጊዜ አጥንቱን ከውስጥ መብላቱን ላይተው ይችላል፤ የተበላም አንጓ ተመልሶ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

የእርድ ኃይል ኩርኩሚን በሚባለው ቅመም ውስጥ ነው፤ እርሱም ከሆድ ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1998 የሕንድ አገር ሊቃውንት ከቍንዶ በርበሬ የሚወጣውን ፒፔሪን 20 ሚሊግራም ብቻ ቢጨምሩበት፤ ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ ያህል በዛ። ነጋዴዎችም ይህን ሰምተው በእንክብላቸው ጨመሩት። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የጉበትን ጕዳት የሚመዘግቡ ሐኪሞች ከ2011 ወዲህ በእርድ እንክብል ምክንያት የተጐዱ 10 ሰዎች ማግኘታቸውን ገለጹ፤ 5ቱ ሐኪም ቤት ተኝተዋል፤ አንዱም ሞቷል። እንክብሉን ከሚውጡት ብዛት አንጻር ይህ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው ጉበቱ በደም ምርመራ የሚጠበቅ ስለ ሆነ፤ በስውር እንክብል ቢጨምርበት ሐኪሙ ጕዳቱ ከየትኛው እንደ መጣ እንዴት አድርጎ ይለያል?

ዕፅ ፈጽሞ ኃይል የለውም የሚልም ሰው ይሳሳታል። በቻይና አገር «ሌይ ጎንግ ቴንግ» የሚባል ሐረግ አለ፤ ትርጓሜውም የመብረቅ አምላክ ሐረግ እንደ ማለት ነው። የዚያ አገር ሐኪሞች ከሐረጉ የወጣውን መድኃኒት በ207 ሕሙማን ላይ ከሜቶትሬክሴት ጋራ አወዳድረው ውጤቱን በ2014 አሳተሙ። ከ24 ሳምንት በኋላ ሕመማቸው በግማሽ የቀነሰላቸው፤ ሜቶትሬክሴት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 46፤ ሐረጉን ብቻ ከወሰዱት 55፤ ሁለቱን አንድነት ከወሰዱት 77 ሆነው ተገኙ። ይህ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ይኸው ሐረግ የሴቶችን የወር አበባ ያቋርጣል፤ የወንዶችንም ዘር ያሳንሳል፤ ያለ ዕውቀት የተወሰደውም ሰው ገድሏል። ልጅ ለሚመኙ ወጣት ባልና ሚስት ይህ እንዴት ያለ ዋጋ ነው!

ደግሞ በብልቃጡ ላይ «ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ያበረታል» ተብሎ የተጻፈበት፤ እንደ ኢኪናሲያ ያለው ዕፅ አለ። ጕንፋን ለያዘው ሰው ይህ ቃል ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ዘበኛው ከልክ በላይ በርትቶ ቤቱን ለሚያፈርስበት ሕመምተኛ ግን ዘበኛውን ማበርታት ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ ሲሄድ የሚውጠውን ዕፅ ሳያፍር ይናገር፤ ይልቁንም ብልቃጡን ራሱን ይዞ ይሂድ፤ በላዩ የተጻፈውን ሐኪሙ ያነበዋልና። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰውማ ከሁሉ አስቀድሞ ይንገር፤ የእርድና የዝንጅብል እንክብል ደምን ሊያፈስ ይችላልና። በአልጫ ወጥ የሚጨመረውን እርድ ግን ማንም አልከለከለም።